ጭሱን የማሸተው እኔ ነበርኩ

ሥራውን የተውኩት አፍንጫዬ ስለከዳኝ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ካረገዝኩ ወዲህ ሽታ ሁሉ ተምታታብኝ። ሳሙናው ሥጋ ሥጋ ይለኛል፣ ዳቦው ናፍታ ይሸተኛል፤ ባለቤቴ ከታክሲው ወርዶ ሲገባ «ምን ነክተህ ነው የመጣኸው?» ብዬ ከበር እመልሰዋለሁ። ሰው ይስቃል። «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» ይሉኛል። እኔ ግን አላሳቀኝም። የእኔ ሥራ ያለ አፍንጫ የሚሠራ አይደለም፤ ያለ አፍንጫ ሲሠራ ምን እንደሚመጣም በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ሽርጤን አጥቤ፣ አጣጥፌ ለአሠሪዬ መለስኩ። አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር የሕፃናት ልብስ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ እውላለሁ። እሳት የለም። ሰውም ብዙ አያናግረኝም፤ ዋጋ ይጠይቃል፣ እነግረዋለሁ፣ ይሄዳል።

ሱቅ የሚመጡ ሴቶች ድሮ ምን እሠራ እንደነበር ሲሰሙ ግን ይጠይቁኛል። «ባርቤኪው የሚሉት ያው ጥብስ አይደል እንዴ? እሳትና ሥጋ፣ አለቀ!» እኔም አንገቴን ደፍቼ «አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል» ብዬ አልፋቸዋለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ትልቁ ልዩነት እሱ አይደለም። ትልቁን እዚህ ልጽፈው፤ በአፌ ስናገር ይጠፋብኛል።

አንደኛ ደረጃን እንደጨረስኩ ከቡታጅራ አካባቢ ተነሥቼ መካኒሳ አክስቴ ዘንድ መጣሁ። አክስቴ ወይዘሮ አስካለ በሚባሉ ሴት ሥጋ ቤት ሰሐን አጣቢ አድርጋ አስገባችኝ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ምሳ ግን ነበረው። የምፈራው ነገር አላጣም ነበር። የሥጋ ቆራጩን ቢላ እፈራለሁ። ወይዘሮ አስካለን እፈራለሁ። ከሁሉም በላይ ስሜ ተጠርቶ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እንዳያየኝ እፈራለሁ። ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ስም በቀስታ መጥራት አያውቁም።

«ወይንሸት! አለሽ ወይስ የለሽም? ዝንብ እንኳ ስታልፍ ድምፅ አላት እኮ!»

አንድ የፋሲካ ሰሞን ጥብስ የምትጠብሰው ሴት ታመመች። ጾም የተፈታበት ሳምንት ስለነበር ደንበኛው ከበር እስከ አስፋልቱ ቆሟል። ወይዘሮ አስካለ ከሰሐኑ ላይ ጎትተው እሳቱ ፊት አቆሙኝ። ሥጋውን ፍርግርጉ ላይ ገና እንዳሳረፍኩት ጮማው ቀልጦ ፍሙ ላይ ጠብ አለ፤ ነበልባሉ ብድግ ብሎ የሻሼን ጫፍ ላሰው። ወደ ኋላ ስሸሽ ከአንድ ሰው ደረት ጋር ተጋጨሁ። ዋናው ጠባሽ ጋሽ በላቸው ነበሩ፤ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው። ሻሹን በመዳፋቸው ጨፍልቀው አጠፉት።

«ፈራሽ?» አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ጥሩ ነው። ከአንቺ በፊት አንድ የማይፈራ ጎረምሳ ነበረኝ። አሁን ቅንድብ የለውም።»

ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ሰሐኑ አልተመለስኩም። ጋሽ በላቸው ከእሳቱ ጎን አቁመው ያስተምሩኝ ጀመር። ሲያስተምሩ ብዙ አይናገሩም፤ ያሳያሉ። ሥጋ በሹካ አይወጉም፤ «ውኃው ይወጣል፣ ጫማ ይሆናል» ይላሉ። ጆሯቸውን ወደ ፍርግርጉ ዘንበል አድርገው ጮማው ሲንጫጫ ያዳምጣሉ፤ ድምፁ ሲሳሳ ይገለብጣሉ። ሰዓት አያስሩም። እሳት የሚለኩት በጸሎት ነው። መዳፋቸውን ከፍርግርጉ ከፍ አድርገው ይዘረጉና አባታችን ሆይን ይጀምራሉ።

«ስምህ ይቀደስ ከማለትሽ በፊት እጅሽን ካነሣሽ የጥብስ እሳት ነው» አሉኝ። «መንግሥትህ ትምጣ ከደረስሽ ሞቷል፣ ከሰል ጨምሪ።»

ጀማል የሚባለው አስተናጋጅ ይህን ሰምቶ «ጋሼ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ምን ልበል ታዲያ?» አላቸው።

«አንተ ፋቲሃህን ቅራ። እሳት ሃይማኖት አይለይም፤ ያቃጥልሃል።»

እዚያ ቤት የሚመላለስ ናትናኤል የሚባል ወጣት ነጋዴ ነበር። ሁልጊዜ ሽንጥ አዝዞ፣ ሥጋው እስኪደርስ ስልኩ ላይ የውጭ ሰዎች ሥጋ በበርሜል ሲያበስሉ ያያል። አንድ ቀን ስልኩን ይዞ ወደ ጋሽ በላቸው መጣ። «ይህን መሥራት ይችላሉ?» አላቸው። ጋሽ በላቸው ረጅም ሰዓት አዩና «እሳቱ ሰነፍ ነው» አሉ። ከዚያ ደግሞ «እችላለሁ» አሉ። ናትናኤል ሐና ማርያምን አለፍ ብሎ ወደ ፉሪ መሄጃ ግቢ ተከራየ፤ ጋሽ በላቸውን ከወይዘሮ አስካለ ወሰዳቸው። እሳቸው ደግሞ «እሷ ከሌለች አልመጣም» ብለው እኔንም ጀማልንም ይዘው ወጡ። ወይዘሮ አስካለ እስከ ዛሬ አላናገሩኝም።

አንድ ባዶ በርሜል ብየዳ ቤት ለሁለት አስቆርጠን ክዳን፣ ማጠፊያና ጭስ ማውጫ አስበየድንለት። ጋሽ በላቸው ግን ወዲያው ሥጋ አላስገቡበትም። ቀለሙ እስኪረግፍ ባዶውን እንጨት አነደዱበት፤ ከዚያ በአመድና በሎሚ አሳጠቡኝ። «በርሜል ትናንት ምን እንደያዘ አይናገርም» አሉ።

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው። ጥብስ ላይ እሳቱ ከሥጋው ሥር ነው፤ ክዳን የለም፤ የሚጠበሰውም ለስላሳው ቦታ፣ ሽንጥና የመሳሰለው ነው። ቶሎ ይገባል፣ ቶሎ ይወጣል። ብትሳሳት የምታበላሸው አንድ ሰሐን ነው። ባርቤኪው ላይ እሳቱ በአንድ ጎን ይቀመጣል፣ ሥጋው በሌላው፤ ሁለቱ አይተያዩም። ክዳኑ ይዘጋል። የሚገባው ጠንካራው ሥጋ፣ ፍሪምባና ጎድን ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ እስከ ምሳ በሙቀትና በጭስ ብቻ ይለሰልሳል። እጅህን ዘርግተህ አባታችን ሆይን በደላችንን ይቅር በለን እስከሚለው ድረስ ሳትቸኩል ካላደረስክ እሳቱ በዝቷል።

የበለጠው ነገር ደግሞ እንጨቱ ነው። ጥብስ ላይ ከሰሉ ከፈመ በኋላ ከየትም ይምጣ ግድ የለም። ባርቤኪው ላይ ግን እንጨቱ እንደ ቅመም ነው። ሥጋው ጭሱን ሲጠጣ ይውላል፤ የእንጨቱ ነውር ሁሉ ይገባበታል፤ ከገባ አይወጣም፣ ታጥቦ አይለቅም። ባሕር ዛፍ መድኃኒት መድኃኒት ያሰኘዋል። እርጥብ እንጨት ምላስ የሚይዝ ምሬት ይተዋል። የሚሆነው ደረቅ ወይራ ነው። የወይራን ጭስ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ እናቴ የወተት ዕቃ የምታጥነው በእሱ ነበር። ጥሩ ሲሆን ጭሱ በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ አፍንጫ ብቻ ነው የሚያገኘው።

መጀመሪያ ሰሞን ደንበኛው ትዕግሥት አልነበረውም። አንዱ ገና እንደተቀመጠ ያዝዝና «በሬው ገና እየታረደ ነው እንዴ?» ይላል። ጀማል «አይ፣ ገና እየተወለደ ነው» ይለዋል። ቀስ በቀስ ግን ለመዱ። ቅዳሜና እሑድ ከመካኒሳም ከጀሞም ሰው ይመጣ ጀመር። በጋሽ በላቸው ስም ነበር የሚመጣው።

አንድ ክረምት ጋሽ በላቸውን ክፉ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተው ሰነበቱ። ኮሮና ነው ያለም ነበር። ከስተው ተመለሱ፤ ግን እንደ ድሯቸው መሥራት ጀመሩ፣ እኔም ተመስገን አልኩ።

አንድ ጠዋት ወጥ ቤቱ በር ላይ ስደርስ የቡታጋዝ ሽታ አፍንጫዬን ጠለዘኝ። ሲሊንደሩ ሌሊቱን ሲያፈስ ያደረ ይመስለኛል፤ ዓይን ያስለቅሳል። ጋሽ በላቸው መካከሉ ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የክብሪት ሣጥን፣ በሌላው እንጨቱን ይዘዋል። መጮህ ፈለግኩ፤ ድምፄ አልወጣም። ዘልዬ ሁለቱንም እጃቸውን አቀፍኩ።

«ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?»

«ጋዝ… ጋዝ ነው፣ ጋሼ!»

«የታለ?» አሉኝ።

ሽታው ቤቱን ሞልቶ ሳለ «የታለ?» ሲሉኝ ገባኝ። እሳቸውም እንደገባኝ ከፊቴ አዩ። ሲሊንደሩን ዘግቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ ስወጣ ደጅ የድንች ጆንያ ላይ ተቀምጠው የክብሪት ሣጥኑን ያገላብጡ ነበር።

«ከሕመሜ ከተነሣሁ ጀምሮ ነው» አሉ። «ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ወይንዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። አፍንጫው የሞተ የባርቤኪው ሰው ማን ያሠራዋል? በዚህ ዕድሜዬ ምን ልሁን? ዘበኛ?»

«አልናገርም» አልኩ። ዝም ማለት እንደ እኔ የሚቀለው ሰው የለም ብዬ አሰብኩ።

ተሳስቼ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሴ ፍርሃት ላይ የእሳቸውም ተጨመረልኝ። ምልክት ተስማማን። የሥጋ መቆንጠጫውን አፉን ወደ በርሜሉ አድርጌ ካስቀመጥኩ ጭሱ ደህና ነው፤ ወደ ግቢው በር ካዞርኩት አንድ ነገር ተበላሽቷል። ብቻችንን ስንሆን «ጭሱ ምን ይላል?» ይሉኛል፤ ሰው ሲኖር ግን መቆንጠጫውን አይተው እንደ አሸተተ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰው ያደንቃል። እኔ ደግሞ አስባለሁ። ብታመምስ? አንድ ቀን ጉንፋን ቢይዘኝስ? ያን ሁሉ ሰው የምናበላው በእኔ በአንዷ አፍንጫ ነው፤ ይህን ደግሞ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። በየማለዳው ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማደርገው ነገር የጎረቤቴን የሎሚ ቅጠል በጥሼ ማሽተት ሆነ። ከሸተተኝ እሄዳለሁ።

ከዚያ የኦቦ ጉተማ ልጅ መልስ መጣ።

ኦቦ ጉተማ የፉሪ ነባር ገበሬ ናቸው። መሬታቸው አብዛኛው ቤት ተሠርቶበታል፤ ጥቂት ከብት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። የሴት ልጃቸው ሠርግ ካለፈ በኋላ ሙሽሮቹን ቤታቸው ሊጠሩ ሲሉ የሙሽራው ጓደኞች «ባርቤኪው ይሁንልን» አሉ። ኦቦ ጉተማም ዳለቻ የሚባለውን የእርሻ በሬያቸውን አረዱ፤ ከእንግዲህ የሚታረስ የለም ብለው። ልጃቸው ለሚ ፍሪምባውንና ጎድኑን በሙሉ ጭኖ በማለዳ አመጣልን። «አባቴ ለበሬው አልቅሷል» አለን። «አደራ፣ አታበላሹብን።» ለምሳ ነበር የሚፈለገው።

በዚያ ሳምንት ናትናኤል አዲስ እንጨት አምጥቶ ነበር። ወይራ ተወድዶ፣ ጠፍቶም ስለነበር ደስታው ልክ አልነበረውም።

«ጋሽ በላቸው፣ ኑ ይዩ! ከሚፈርስ ቤት የወጣ ምሰሶ ነው፤ ንጹሕ ወይራ! እንደዚህ የደረቀ ከየት ይመጣል?»

ጋሽ በላቸው በጣታቸው አንጓ አንኳኩት፤ እንደ ብረት ጮኸ። «ወይራ ነው» አሉ። «ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል።» እውነታቸውን ነው፤ ወይራ ነበር። በመጋዝ አስቆረጡት። እኔ በዚያ ሰዓት የጥብስ ቅጠልና ሎሚ ልገዛ ጀሞ ሄጄ ነበር፤ ስመለስ ተቆርጦ፣ ተከምሮ አገኘሁት። የበላዩን አሸተትኩ። ጥሩ ነበር።

በመልሱ ቀን ማለዳ እሳቱን ለኮስን። ጭሱ ንጹሕ ነበር፤ መቆንጠጫውን ወደ በርሜሉ አደረግኩ። ጋሽ በላቸው እጃቸውን ዘርግተው ጸሎታቸውን እስከሚፈልጉት ድረስ አደረሱ። ሥጋው ገባ፣ ክዳኑ ተዘጋ። ረፋዱ ላይ እሳቱ ሲቀንስ ከክምሩ ሥር ያሉትን ቁራጮች ጨመሩ።

ትንሽ ቆይቶ መጣ። መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ሽታ። ዞር ብዬ ወደ አስፋልቱ አየሁ። ሲኖትራኮች ያልፋሉ። እነሱ ይሆናሉ አልኩ። ግን መኪናው አልፎ ሽታው አላለፈም። ወደ በርሜሉ ስጠጋ በረታ፣ ስርቅ ቀለለ። መቆንጠጫውን ወደ ግቢው በር አዞርኩት።

ጋሽ በላቸው አዩት። እንጨቱ እርጥበት የያዘ መስሏቸው የአየር ማስገቢያውን ከፈቱ። መቆንጠጫውን አንሥቼ እንደገና ወደ በሩ አስቀመጥኩት፤ ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ሊጠይቁኝ ወደ እኔ ሲመጡ ናትናኤልና ለሚ ተያይዘው ገቡ።

«እንዴት ነው ሥጋችን?» አለ ለሚ። ቆም ብሎ አፍንጫውን ያዘ። «ምነው፣ ጋራዥ አጠገብ ናችሁ እንዴ?»

«መንገዱ ነው» አለ ናትናኤል። «ይሄ ሲኖትራክ አያስተነፍስም። ይልቅ የበርሜሉን አሽትት! ጋሽ በላቸው፣ ንገሩት እንጂ።»

ጋሽ በላቸው ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ናትናኤልን አዩ። ክዳኑን ገለጥ አድርገው በረጅሙ ሳቡ። «ወይራ ነው» አሉ። «የአባቶች ሽታ።»

ለሚ ፈገግ አለ። እኔ ቆሜ የማስበው ይህን ነበር፦ ዝም ካልኩ ሙሽሮቹ፣ ሕፃናቱ፣ ሽማግሌዎቹ ይህን ሊበሉ ነው። ከተናገርኩ ደግሞ ናትናኤል «ጋሽ በላቸው ደህና ነው ብለውሃል እኮ» ይላል፤ ከዚያ ነገሩ ይወጣል፣ ጋሽ በላቸው በሰው ፊት ያልቃሉ። ጀማል ሥጋውን የሚያደርስበትን መኪና ሲያጥብ ከሩቅ ይዘፍናል።

ወደ ክምሩ ሄጄ ገና ያልተጨመረ ቁራጭ አነሣሁ። አንዱ ጎኑ ጠቁሯል፤ ያረጀ እንጨት ስለሆነ የጠቆረ ይመስላል። ነጩን ሽርጤን አጥብቄ አሸሁበት። ጨርቁ ጠቆረ። ለሦስቱም አሳየኋቸው።

«ሥጋው አይበላም» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አለ ናትናኤል። ድምፄ ስላልተሰማ ይሁን ማመን ስላቃተው አላውቅም።

«አይበላም። እንጨቱ የተቃጠለ ዘይት ተቀብቷል። የመኪና ዘይት። ከመሬት ሥር የተቀበረው ጫፉ ነው፤ ለምስጥ ቀብተውታል። ሲሞቅ ነው የሸተተው።»

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ነው እንዴ መናገር የጀመርሽው? ጋሽ በላቸው አሽትተውታል እኮ! አሁን በፊትሽ!» እንጨቱን ከእጄ ነጥቆ ለእሳቸው ሰጣቸው። «እስኪ ያሽትቱት፣ ጋሼ። ይገላግሉን።»

ጋሽ በላቸው እንጨቱን አፍንጫቸው ሥር ያዙት። ሁላችንም እናያቸዋለን። «ይሸታል» ማለት ይችሉ ነበር፤ ክብራቸው በእጃቸው ነበር፣ እኔም ዝም እል ነበር። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እኔን አይሸተኝም» አሉ።

«ታዲያ! ንጹሕ ነው ማለት ነዋ!»

«አይደለም፣ ልጄ። ይሄ አይሸተኝም፤ ወይራውም አይሸተኝም፤ ሥጋውም፣ አንተም አትሸተኝም። ከታመምኩ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም። እስከ ዛሬ ስታሸት የነበረችው እሷ ናት። እሷ አይበላም ካለች አይበላም።»

ናትናኤል ቁጭ አለ። ጋሽ በላቸው ወደ በርሜሉ ሄደው ክዳኑን ሙሉ ለሙሉ ከፈቱት። ጎድኑ ቀይ ቡናማ ሆኖ፣ ጮማው አብረቅርቆ ተደርድሯል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ያማረ ሥጋ አላየሁም። ሽታው ግን ዓይኔን አስለቀሰኝ።

ለሚ ለአባቱ ደወለ። ቤታቸው ቅርብ ስለነበር ኦቦ ጉተማ ከዘራቸውን ይዘው በእግራቸው መጡ። ሲገቡ በርሜሉ ጀርባ ተደበቅኩ ማለት ይቻላል። በኦሮምኛ ልጃቸውን አናገሩት፣ ሥጋውን አዩ፣ እንጨቱን አገላበጡ። «ማን ነው ያወቀው?» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ጠቆመ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«የእኔም ቤት ምሰሶ እንዲህ ነው» አሉኝ። «በገዛ እጄ ነው የቀባሁት። ምስጥ አያስቀምጥም።» ከዚያ ወደ ሥጋው ዞሩ። «ዳለቻን ከጥጃነቱ ነው ያሳደግኩት። ውሻም አይብላው። ቅበሩት።»

ከግቢው ጀርባ ጉድጓድ ቆፈርን። ለሚም ናትናኤልም ጀማልም ቆፈሩ። ሥጋውን እየተቀባበልን አስገባነው፤ ገና ትኩስ ስለነበር ከጉድጓዱ ጭስ ይወጣ ነበር። ኦቦ ጉተማ መጀመሪያውን አፈር መለሱ። ማንም እንዲህ አድርጉ ሳይለን ሁላችንም ራሳችንን ገልጠን ቆምን።

የበሬው ሽንጥ ግን እቤታቸው ቀርቶ ነበር። ጋሽ በላቸው «ጥብስ ልሥራላችሁ» አሉ። «ለጥብስ ዓይን፣ ጆሮና መዳፍ ይበቃል።» ፍርግርጉንና ከሰሉን ጭነን ፉሪ ሄድን። እሳቱ ገና ከመፋሙ ጠበሱት፤ እኔ እከትፋለሁ፣ እሳቸው ያገላብጣሉ፣ ጀማል ያደርሳል። ላባቸው ከአገጫቸው እየተንጠባጠበ ከመካኒሳ ጀምሮ እንዳየኋቸው፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ሠሩ። ሥጋው ግን ለሰዉ ሁሉ አልደረሰም፤ ከኋላ የመጡት በአይብና በወጥ በሉ። ከሙሽራው ጓደኞች አንዱ አንድ ሰሐን ከጨረሰ በኋላ «ባርቤኪው፣ ባርቤኪው ስትሉ የነበረው ይሄ ነው? ያው ጥብስ ነው እኮ!» አለ። ለሚ ባዶ ሰሐኑን ተቀብሎት ሄደ። ኦቦ ጉተማ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ይመርቁ ነበር፤ ሥጋ ግን ሲነኩ አላየሁም።

በማግሥቱ ናትናኤል ጋሽ በላቸውን ጠርቶ «ጥብሱን ይያዙ፣ በርሜሉን ለወይንሸት እንስጥ» አላቸው። ክፉ ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን ሽርጣቸውን ቀድመው አውልቀው ነበር። «ግማሽ ሰው አትቅጠር» አሉት። እኔን ሳያዩኝ ወጡ። ያዩኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በርሜሉ የእኔ ሆነ። ስሜ እየታወቀ ሲሄድ ፍርሃቴ አብሮ አደገ። ከእያንዳንዱ እንጨት ስንጣሪ ፈልጬ፣ በባዶ ቆርቆሮ አንድጄ ሳላሸት ወደ በርሜሉ አላስገባም። ናትናኤል ጊዜ ትገድያለሽ ይለኛል። በሥራ መካከል ያ ሽታ የመጣ ይመስለኝና ክዳኑን እከፍታለሁ፤ የለም። እንደገና ይመጣል፤ እንደገና እከፍታለሁ። ጋሽ በላቸው ቤት ለመሄድ ደግሞ እግሬ እንቢ አለኝ። በሰው ፊት ያዋረድኳቸው እኔ ነኝ፤ ምን ብዬ እገባለሁ? መካኒሳ አክስቴን ልጠይቅ ስሄድ እንኳ በእሳቸው ሰፈር ላለማለፍ እዞር ነበር።

ሥራውን ስተው ግን ሳልነግራቸው መቅረት አልቻልኩም። ባለፈው እሑድ ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ በሩን ከፍተው ሆዴን አዩና «ውይ፣ አንቺው ነሽ? ግቢ፣ ግቢ! እኔ ጎረቤት ለቅሶ ቤት ደርሼ ልምጣ» ብለው ወጡ። ጋሽ በላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው የጎረቤት ቢላዎች ይስላሉ። ሥራቸው እሱ ሆኗል።

«ቆየሽ» አሉኝ።

«ፈርቼ ነው፣ ጋሼ።»

«ማንን? እኔን?» ቢላውን አስቀመጡ። «አንቺ ፈራሽ እንጂ እኔማ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አገኘሁ። ያን ጊዜ ሁሉ እንዴት ነበር የምሠራው መሰለሽ? ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ዛሬ ሰው ገደልኩ እል ነበር። ላንቺ አልናገርም፣ ትሸሺያለሽ ብዬ። አንቺ ከሸሸሽ ደግሞ ጨለማ ነው።»

እኔ ብቻ የምፈራ ይመስለኝ ነበር። የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ አፍንጫዬ እንደ ተበላሸ፣ ሳሙናው፣ ዳቦው፣ ባለቤቴ እንዴት እንደሚሸቱኝ። መጀመሪያ አዘኑ። የባለቤቴ ላይ ስደርስ ሳቃቸው መጣ፤ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ።

«እንግዲህ ሁለታችንም ጡረታ ወጣን» አሉ።

አብሬያቸው እየሳቅኩ ሳለ የሆነ ነገር የሚያር ሸተተኝ። እርግዝናው ነው አልኩ በልቤ። አሁንም ሸተተኝ። ጋሽ በላቸው ቢላቸውን መልሰው መሳል ጀምረዋል። ልናገር? እንግዳ ሆኜ ገና መግባቴ፣ የሰው ጓዳ…

«ጋሼ፣ አንድ ነገር እያረረ መሰለኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። አፍንጫዬን አላምነውም።»

ቢላውን አስቀምጠው ተነሡ። ከኋላቸው ተከትዬ ጓዳ ገባሁ። እትዬ ጽጌ ምድጃው ላይ ጥለውት የሄዱት ሽሮ ቀስ ብሎ ይንተከተካል። ጋሽ በላቸው ክዳኑን ከፍተው በማንኪያ የድስቱን ሥር ፈተሹ፤ ማንኪያውን አንሥተው አዩት። ምንም አላረረም።

እሳቸው ግን እሳቱን ቀነሱት።